በሁለቱ ሀ መካከል

መቀሌ፤ ግንቦት ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ደብረ ሲና።

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ቁርጥማት ከብርዱ ጋር ሄደልሽ ወይስ ዛሬም ቤቴ ብሎ ተቀምጧል? ላሚቱ ወለደች? የጓሮው ጌሾ ከውርጭ ተረፈ? እኔን ብትጠይቂኝ፣ ጸሎትሽን የሚሰማ አምላክ ይመስገንና ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ታመነም ደኅና ነው። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራፍ ሲያንኳኳ ውሎ ማታ ደግሞ ገበታውን በጣቱ ያንኳኳብኛል። ምን እያልከኝ ነው ስለው፣ ራት ደረሰ ወይ ማለቴ ነው ይለኛል። ባል ስታገቢ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም አብረሽ ታገቢያለሽ ያልሽኝ እውነት ነው።

እርስዎም መሪጌታ ረታ፣ ይህን ለእናቴ የሚያነቡላት፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን እስማለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ባለፈው የጻፍሁትን ሲያነቡላት ከራስዎ ሳይጨምሩበት አልቀሩም። እናቴ በመልሷ «ስለ ጾም የሰጠሽኝን ምክር በደስታ ሰምቻለሁ» ብላኛለች። እኔ ስለ ጾም አንዲት ቃል አልጻፍሁም። የዛሬውን እንደተጻፈው ያንብቡልኝ፤ መጨረሻው ላይ ወረቀቱ የታጠፈበት ቦታ አለ፣ እዚያ ሲደርሱ ያቁሙ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና «ባጎረስሁ እጄን ተነከስሁ» እንዳይሉኝ አደራ።

ወዳንቺ ልመለስ እናቴ። መልስሽ ከፋሲካ በኋላ ደረሰኝ። ከሁሉ በፊት ያየሁት ግርጌው ላይ ያለችውን ያቺን የተንጋደደች «ማ» ነው። የመሪጌታ እጅ እንዳልሆነች ወዲያው አወቅሁ፤ የእሳቸው «ማ» እንደ ቅዳሴ ዲያቆን ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፤ ያንቺ ግን ዳገት እንደወጣች ሴት ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ታመነን ጠርቼ አሳየሁትና አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት። አንቺ እኮ ፊደሉን በጆሮሽ ከጨረስሽው ቆየሽ። መሪጌታ እኛን ሲያስቆጥሩ ከአጥሩ ውጭ ጥጥ እየፈተልሽ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃልሽ ይዘሽዋል። የቸገረሽ መልኩ ነው፤ ድምፁን እየሰማሽ ፊቱን እንዳላየሽው ጎረቤት ሆነብሽ። ለዚህ ነው በየደብዳቤዬ ግርጌ አንዳንድ ፊደል በትልቁ የምልክልሽ፤ በመስቀል «እ»ን፣ በገና «ማ»ን፣ በጥምቀት «ነ»ን፣ በፋሲካ «ይ»ን። የዛሬውንም ከመጨረሻው ታገኚዋለሽ።

ከ«ማ»ዋ በላይ ያለውን ግን ሳነበው ትንሽ ከፋኝ። ለክረምቱ ነይ፣ መጥተሽም ቅሪ፣ ትምህርቱ ይብቃሽ፣ የሰው ልጅ ስታስተምሪ የራስሽ ቤት ባዶውን ቀረ ብለሻል። መልስ ከመስጠቴ በፊት በሚያዝያ የሆነውን ልንገርሽ። ስትሰሚ ትስቂያለሽ፤ ከሳቅሽ በኋላ ደግሞ ትፈርጂልኛለሽ።

የማስተምርበት ቤት ጣሊያን መጋዘን አድርጎት የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቱ ትንሽ፣ ነፋሱ ብዙ ነው። የመቀሌ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ አቧራውን ከነጠጠሩ ያስገባዋልና መጀመሪያ የማስተምራቸው ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ መጥረግ ነው። ልጆቼ በሦስት ወገን ይመጣሉ። ከሸዋና ከሌላም አገር ለሥራ የመጡት ሹማምንት ልጆች አሉ፤ የጉምሩኩ ሹም ልጅ የሺወርቅ የነሱ አውራ ናት። ከወሎ መጥተው እዚህ የሚነግዱት እስላሞች ልጆች አሉ፤ የአቶ ሸረፈዲን ልጅ ዘሃራ ከነሱ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ አማርኛውንም ትግርኛውንም እንደ ሁለት እጇ ታዛቸዋለች። የቀሩት የአገሩ ልጆች ናቸው። የሹማምንቱ ልጆች ከፊት በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ወንበሩን ያሠሩት አባቶቻቸው ናቸው። የአገሩ ልጆች ከኋላ በድንጋይ ላይ ናቸው። ማንም እዚያ ተቀመጡ ያላቸው የለም። ግን ሁልጊዜም እዚያው ናቸው።

ከኋላዎቹ መካከል ትብለጽ የምትባል አለች። «ትብለጥ» ማለት ነው በእኛ። አባቷ ግመሉን እየነዳ ወደ በረሃው ወርዶ ጨው የሚያወጣ ሰው ነው፤ እሷ ዓዲ ሓቂ ከሚባል መንደር በእግሯ እየመጣች ትማራለች። እጇ ከትከሻዋ በላይ እንደተሰቀለ የሚውል ልጅ ናት። እኔ ልበል፣ እኔ ላንብብ፣ እኔ ሰሌዳውን ልጥረግ ትላለች። የሌሎቹም ተራ መድረስ አለበትና ቆይ እላታለሁ። ይህን የምላት በትግርኛ ነው፤ ከሰው አገር ተቀምጦ የሰውን ቋንቋ አለመሞከር ነውር መስሎ ይታየኛል።

እዚህ ላይ መሪጌታ ጆሮዎን ያቅኑልኝ። በእኛ አገር ሃሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» በመልክ እንጂ በድምፅ አይለዩም፤ እርስዎም «ሁሉም ሀ ነው» እያሉ ነው ያስቆጠሩን። እዚህ ግን ሐመሩ «ሐ» ከጉሮሮ ሥር ተጎትቶ ይወጣል። ሕፃኑም ይችለዋል። እኔ ብሞክር ብሞክር አልወጣልሽ አለኝ። በትግርኛ «አሁን» ለማለት «ሕጂ» ይላሉ። «ሕጂ ኣይኮነን»፣ አሁን አይደለም፣ ብዬ ትብለጽን ላስታግሳት ስል ከአፌ የሚወጣው ግን «ሂጂ» ነው። ኋላ ያሉት ይስቃሉ። ትብለጽም ትስቅና እጇን አውርዳ ወዲያው መልሳ ታነሣዋለች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል ከረምን።

በየካቲት ከአዲስ አበባ መርማሪ ይመጣል የሚል ወሬ ሰማን። የሰውዬው ሥራ ከከተማ ከተማ እየዞረ የአገሩ ሴቶች ልጆች ጥቂት ወር ተምረው ለምን እንደሚቀሩ ማጥናት ነው። ፈተና ያደርጋል፣ ያለፈችው ትቆያለች፣ የወደቀችው ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ቦታው ጠቧልና አሉን። ዲሬክተራችን ከሰሙ በኋላ አማርኛ የጎደላቸው በቤታቸው ተምረው ይምጡ ብለው አረፉት። በቤታቸው ከማን ይማሩት? ዋና ሳትለምዱ ውሃ አትንኩ እንደማለት አይደለም ወይ ብያቸው ነበር። አንቺ ሴት ምላስሽ ከመቀሌ ነፋስ ይብሳል አሉኝ።

የትብለጽ እናት ይህን ሰምታ ቤቴ ድረስ መጣች። እንቁላል በቅል ይዛ ነው የመጣች። ከመይ ሓዲርኪ ተባብለን ከተቀመጥን በኋላ ጉዳዩን ቀስ ብላ አወጣችው። ልጅቱ ገና ጡት ሳትጥል ታጭታለች። የልጁ ወገኖች በሰኔ ስጡን ብለዋል። አባቷ ከአማቶቿና ከትምህርቱ መሐል ቆሞ፣ ልጄ የምትረባ እንደሆነች የመጣው የመንግሥት ሰው ራሱ ይበለኝ፣ አትረባም ካላት ግን ሰው እስኪስቅብኝ አልጠብቅም፣ ለአማቶቿ እሰጣታለሁ ብሏል። እናቲቱ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ምን እንደምትፈልግም አልነገረችኝ። እንቁላሉን አስቀምጣ፣ ስትወጣ ብቻ የልጅቱን ስም ሁለት ጊዜ ጠርታብኝ ሄደች። እኔ ግን ያን ዕለት ራት አልበላልኝ አለ።

መርማሪው በሚያዝያ መጡ። አቶ ደመላሽ ይባላሉ። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ትሑት ሰው ሆኑብኝ። ከመግባታቸው በፊት ባርኔጣቸውን በር ላይ አራገፉ፣ ለልጆቹ እጅ ነሡ፣ አቧራው ሲያስነጥሳቸው ይቅርታ ጠየቁ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። የአገሩ ሰው ትምህርት የማይወድ መስሎ እንደሚታያቸው ለዲሬክተሩ ሲነግሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ እሱንም ቢሆን በኀዘን ነው የተናገሩት።

ጥያቄው ከማንበቢያው መጽሐፍ የወጣ ነው። መጀመሪያ የሺወርቅን አስነሡ። ሰው ሌሊት በምን ላይ ይተኛል አሏት፤ አልጋ ላይ አለች። ከቤት ውስጥ ምን ምን ይገኛል አሏት፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን አለች። እሑድ ሽርሽር የሚኬደው ወዴት ነው አሏት፤ ወደ መስክ አለች። ሦስቱም ልክ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አልዋሽም፤ ግን ቤቷን ነው የተጠየቀችው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የነሱን ሳሎን ጎብኝቶ የሄደ ይመስላል።

ከአገሩ ልጆች ሁለቱ ወዲያው ወደቁና ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ከግንቡ ሥር ተቀምጠው በመስኮቱ ይታዩኛል። ከዚያ ትብለጽ ተነሣች። ሰው ሌሊት በምን ላይ ይተኛል? መደብ ላይ። ስሕተት። ከቤት ውስጥ ምን ምን ይገኛል? ጎተራ፣ እንስራ፣ ፍየሎች። ፊተኞቹ ሳቁ። ሽርሽር ወዴት ይኬዳል? እዚህ ላይ ዙሪያዋን አየች፣ እኔን አየች። ያቺ ልጅ በየቀኑ ከዓዲ ሓቂ መቀሌ፣ ከመቀሌ ዓዲ ሓቂ እየተመላለሰች ሽርሽር ምን እንደሆነ አታውቅም። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

አቶ ደመላሽ ራሳቸውን ነቀነቁና ይቺም ትሂድ አሉኝ በለሆሳስ። ራሳቸው ሊነግሯት አልፈለጉም፤ መምህሯ ብትነግራት ይሻላል አሉ። ዲሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ፣ ያን ጊዜ በዓይኔ የዞረው ያ እንቁላል በቅል ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ስሟንም ሳልጠራ ብቻ «ሂጂ» አልኋት።

ትብለጽ ፊቷ በራ። ነጠላዋን አላነሣችም፤ ድንጋይዋን ትታ በወንበሮቹ መሐል ወደ ፊት መጣች፣ ከጠረጴዛዬ ላይ መጽሐፉን አንሥታ ከፈተች፣ ማንበብም ጀመረች። የንብን ትምህርት ነው ያነበበችው። በእግሯ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ነጥቡ ጋ እያረፈች፣ አንዲት ቃል ሳትገድፍ አነበበች። ማንም እንድታነብ አልጠየቃትም።

አቶ ደመላሽ ግራ ገባቸው። ልጄ፣ ሂጂ አልተባልሽም ወይ አሏት። እሷ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሣ «እወ፣ ሕጂ!» ብላ ቀጠለች። አዎን፣ አሁን ማለቷ ነው። እሳቸው ግን የሰሙት በእኛ ጆሮ ነው፤ አንዲት ፍሬ ልጅ የመንግሥት ሰው የሆኑትን አቶ ደመላሽን እንደ ሴት ቆጥራ «ሂጂ» ያለቻቸው መሰላቸው። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። ዲሬክተሩ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ።

ያዳነን የዘሃራ ሳቅ ነው። አፏን በሁለት እጇ ብትይዘውም አምልጧት ወጣ። ከዚያ ሳይፈቀድላት ተነሣችና ወላሂ ጌታዬ እርስዎን አይደለም አለች። በነሱ ቋንቋ ሕጂ ማለት አሁን ማለት ነው፣ መምህራችን ደግሞ ትግርኛ ስትናገር ሐን አትችላትም፣ ሁልጊዜ ለትብለጽ አሁን አይደለም እያለች ስታቆያት ከርማ ዛሬ አሁን ያለቻት መስሏት ነው፣ ተራዬ ደረሰ ብላ ነው አለቻቸው። አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ነው ይህን ሁሉ ያለችው።

ትብለጽ ብቻ ታነባለች። ንቡን ጨርሳ ገጹን ገለጠችና ገና ያልተማርነውን ጀመረች፤ ስለ ባቡር ነው። ባቡር በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ሐዲድ የሚለውን ቃል ሰምታው አታውቅም፤ ግን «ሐዲድ» ስትል ሐመሩን «ሐ» ከጉሮሮዋ እንዲያ አድርጋ ስታወጣው፣ መሪጌታ፣ ፊደሉ ለምን እንደተሠራ ገና ያን ዕለት ነው የገባኝ።

አቶ ደመላሽ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ከጠረጉ በኋላ ከግንቡ ሥር የተቀመጡትን ሁለቱን መልሱልኝ አሉ። ዘሃራን አጠገባቸው አቁመው፣ እነዚያኑ ጥያቄዎች በትግርኛ አስጠየቁ። የኋላዎቹ ልጆች እንዴት እንደመለሱ ብታዪ! የሰማይ ወፍ ሲለቀቅ ነው የሚመስለው። ጥያቄው ሲያልቅ እነሱ አላለቁም።

ያን ጊዜ እኔ መቼም ታውቂኛለሽ፣ አፌን መያዝ አልቻልሁም። መደብ ላይ ይተኛል ማለት ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ዲሬክተሩ አሁንም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ደመላሽ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና እኔም ያደግሁት መንዝ ውስጥ በእናቴ መደብ ላይ ነው፣ እንደዚያ መደብ ያለ ሙቀት ከዚያ ወዲህ ባለ አልጋ ሁሉ አላገኘሁም አሉ። ታዲያ ለምን ስሕተት አደረጉት አልኋቸው። መጽሐፉ ነዋ፣ መጽሐፉ አልጋ ነው የሚለው አሉ። ራሳቸው የተናገሩት ነገር ራሳቸውን ሳያስደነግጣቸው አልቀረም፤ ብዙ ጊዜ ወደ መስኮቱ ሲያዩ ቆዩ። ኋላም እስከ በር ስሸኛቸው፣ ዓመት ሙሉ ልጆቹ ለምን ይሄዳሉ እያልሁ ስጠይቅ እኛው ኖረን ለካ ሂጂ የምንላቸው አሉኝ። ይህንንም በኀዘን ነው ያሉት። ግን ኀዘናቸው ያን ጊዜ ቦታውን ያገኘ መሰለኝ።

ፍርዳቸው እንዲህ ሆነ። ማንም አትባረርም፤ ክፍሉ እንዳለ ይቆያል። በታኅሣሥ ተመልሰው ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ግን አንድ ነገር አስረው ነው የሄዱት። እዚህ የምትላክ ሌላ ሴት መምህር የለችኝም፣ አንቺ ለክረምት ብለሽ አገርሽ ገብተሽ የቀረሽ እንደሆነ ክፍሉ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ናቸው አሉኝ። አልሄድም አልኋቸው። ማይ አሉኝ። እናቴ ትሙት አልኋቸው። ይቅር በዪኝ እናቴ፤ ከአንቺ የሚበልጥ መማያ አጥቼ ነው።

የትብለጽ አባት ከበረሃ ሲመለስ ነገሩ ከገበያው ቀድሞ ጆሮው ደርሷል። በነገታው ሰኞ በኔ ደጅ በኩል አለፈና አንድ ሙሉ አሞሌ ጨው ደፌ ላይ አኖረልኝ። ለአማቶቿ፣ ልጄ የመንግሥት ሰው ፊት ቆማ አንብባለች፣ እንግዲህ ጠብቁ ብሎ ልኮባቸዋል። እነሱም የሚያነብ ሰው ለቤታችን ይጠቅማል ብለው ተስማሙ አሉ። ለስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ እግዜር ነው የሚያውቅ፤ የሰኔው ሠርግ ግን ቀርቶልናል። አሁን አባትየው ሰኞ ሰኞ ልጁን ገበያ ይዞ እየዞረ በየጆንያው ላይ የተጻፈውን ያስነብባታል። ስኳር የሚል ጆንያ ውስጥ ምስር አግኝታ ነጋዴውን አሳፍራዋለች ይባላል።

አንድ ቀን ልጆቹ ሲወጡ ትብለጽን አስቀረኋትና እውነቱን ንገሪኝ አልኋት። ያን ዕለት ያልሁሽ አሁን መስሎሽ ነው ወይስ ሂጂ ማለቴ ገብቶሽ ነበር? አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሁለቱም ተሰምተውኝ ነበር መምህር፣ የሚበጀኝን ወሰድኩ አለችኝ። ከዚያ እየሮጠች ወጣች። እኔ በባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ ዘበኛው መጥቶ ደኅና ነሽ ወይ አለኝ።

እንግዲህ ፍረጂኝ። እኔ ለክረምቱ አልመጣም። ለመስከረምም አልመጣም፤ ለኅዳርም፣ እናቴ፣ ለኅዳርም መምጣት አይሆንልኝም። በኅዳር አንቺ ዘንድ መሆን እንዳለብኝ የአገራችን ወግ ያዛል፤ እንዳትቀየሚኝ።

ስለሌላው ነገር ጥቂት ልጨምርልሽ። የሰፋሽልኝን ጥበብ ቀሚስ ከጎን ፈትቼ አስፍቼዋለሁ፤ ታመነ የመቀሌ ማር አወፈረሽ ይለኛል። ቅቤ ሲነጠር ከሩቅ ይሸተኝና ከቤት እወጣለሁ። የዘሃራ እናት ኡሙሰልማ አንድ ቀን መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ውሃ እንዳልቀዳ ከልክላኛለች፣ እንስራዬንም ወስዳ ቤቷ አስቀምጣዋለች። በርኅራኄ የምታስቸግር ሴት ናት፣ ትስማሙ ነበር። ደግሞ የገንፎ ገብስ ብታዘጋጂልኝ ደስ ይለኛል፣ ያንቺው እጅ የፈተገው ይሁን። መሪጌታ፣ በገብሱ ላይ አይመራመሩ።

ይህን ደብዳቤ የያዘው አቶ ሸረፈዲን ነው። በመኪናው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ በሳምንቱ ሲመለስ በደጅሽ ያልፋል። ጥሩ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳ፣ ከጋቢናው ውስጥ ከሱ ጎን ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አለው። መኪናን የሰይጣን በቅሎ እንደምትዪው አውቃለሁ። እሱም በየዳገቱ ቢስሚላሂ እያለ ነው የሚወጣው፤ ሰይጣን እንደዚያ ባለ መኪና ላይ የሚቆይ አይመስለኝም። ከሰኔ በኋላ ዝናብ ሲጥል ግን አላጌ ላይ መንገዱ ይናዳል፣ እስከ መስቀልም አይከፈትም።

የዛሬዎቹ ፊደሎች ሁለት ናቸው። ሐ ሑ ሒ ሓ ሔ ሕ ሖ ስትዪ ስድስተኛዋ አንዷ ናት፤ ጀ ጁ ጂ ስትዪ ሦስተኛዋ ሁለተኛዋ ናት። መሪጌታ፣ እባክዎ በእንጨት ጠቁመው መልካቸውን ያሳዩልኝ፦

ሕ     ጂ

ሁለቱ አብረው ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆኑ ከታሪኩ ሰምተሻል። የቀሩትን አራቱን ታውቂያቸዋለሽ።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ከነሱም ለትንሿ ብርቄ፣ ጸጉሯን እንደበፊቱ እየሠራች ታድርልኝ በያት። ቤትሽን ከእሳት፣ ላምሽን ከጅብ፣ አንቺን ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። በቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ሥር ውለሽ እደሪ። ባዶ ነው ላልሽው ቤትም መርቂው፤ ምርቃትሽ ሳይደርስ አልቀረምና።

መሪጌታ፣ እጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይብቃዎት። ወረቀቱን ለእናቴ ይስጧትና ወደ ቤተ ክርስቲያንዎ ይሂዱ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ንባብ ነው፤ ቢያዩትም እንዳላዩ ይሁኑ፣ አፍዎ እንዳይቀድማት።

አንቺን ብቻ የምትመስል፣
ልጅሽ

እማ

ነይ

ሕጂ